አነስተኛ የመስክ ተሽከርካሪን ከፍ ማድረግ፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና ጥንቃቄው

ከአስፋልት ተገንጥሎ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ በሚያመራ መንገድ ዘወትር የሚመላለስ አሽከርካሪ፣ የመኪናውን ሆድ ከመሬት የሚለየው ክፍተት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ጠንቅቆ ያውቃል። የከባድ መኪና ጎማ ግራና ቀኙን ቦርቡሮ መሃሉን ጉብታ ያደረገው መንገድ፣ ክረምቱ አጥቦ ያጋለጠው ድንጋይ ወይም ድልድይ ያልተሠራለት ወንዝ ተጓዡን ከመንገድ ሊያስቀረው ይችላል። ተጓዡ ክትባት የያዘ የጤና ባለሙያ ወይም ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ቤተሰብ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከመኪና ብልሽት ያለፈ ይሆናል።

በዚህም ምክንያት በዋናነት ለከተማ አገልግሎት የተሠሩ አነስተኛ የመስክ ተሽከርካሪዎችን ሞላቸውን፣ አሞርዛተራቸውንና ጎማቸውን በመቀየር ከፍ ማድረግ በተለያዩ ሀገሮች የተለመደ ተግባር ሆኗል። በሀገራችንም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አሻሽሎ ማሠራት ለብዙዎች ይበልጥ ትርጉም ያለው ጉዳይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ መኪናን ከፍ ማድረግ ከመሬት የሚገኘውን ክፍተት ብቻ የሚለውጥ ሥራ አይደለም። መሪውን፣ ፍሬኑን፣ የኃይል ማስተላለፊያውንና ከሁሉም በላይ ተሽከርካሪው ሳይገለበጥ የመቆም ችሎታውን ይነካል። ይህ ጽሑፍ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን፣ ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚያሳጣ በዝርዝር ይዳስሳል።

የሁለት ዓይነት አሠራር ተሽከርካሪዎች

አነስተኛ የመስክ መኪኖች ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በአሠራራቸው በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሞተሩ፣ አክስሉና አካሉ በብረት ሻንሲ ላይ የተገጠሙባቸው ናቸው። የጃፓኑ ሱዙኪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ ያቀረባት ጂምኒ ከእነዚህ ዋነኛዋ ናት። የመጀመሪያዋ ጂምኒ ሞተር 359 ሲ.ሲ. ብቻ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ቪታራም በሻንሲ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ከኋላ ወጥ አክስል በሞላ ላይ፣ ከፊት ደግሞ ግራና ቀኙ ተለያይቶ የሚንቀሳቀስ ማንጠልጠያ ነበረው።

ሁለተኛዎቹ ሻንሲ የሌላቸውና አካላቸው ራሱ ጭነቱን የሚሸከም ናቸው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቀው ራቭ ፎር የዚህ ዓይነቱን አሠራር በስፋት ካስለመዱት አንዱ ነው። አራቱም ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው በአስፋልት ላይ ምቹ ነው፤ ሆኖም እንደ ጂምኒ ያለ የኃይል ቀናሽ ማርሽ ወይም በተለምዶ "ሎው" የሚባለው የለውም።

በሁለቱ መካከል የሚቀመጡም አሉ። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተመረተው ላዳ ኒቫ ሻንሲ ባይኖረውም ዘወትር አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር ሥርዓትና ቀናሽ ማርሽ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ግራንድ ቪታራም ሻንሲው ከአካሉ ጋር ተዋህዶ የተሠራ ነበር።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለሥራው መነሻ ነው። በሻንሲ ላይ ለተሠራና ወጥ አክስል ላለው መኪና የሚሠራ ዘዴ፣ አራቱም ጎማው ለየብቻ ለሚንቀሳቀስ መኪና ጉዳት ሊሆን ይችላልና።

ከፍታ የሚያስገኘው ጥቅም

አንድ ተሽከርካሪ መሰናክልን የማለፍ አቅሙ በአራት ነገሮች ይለካል። እነሱም ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት፣ ከፊት ጎማ እስከ ፓራውልቱ ታችኛ ጫፍ ያለው የመውጫ ማዕዘን፣ ከኋላ ያለው የመውረጃ ማዕዘን፣ እንዲሁም በሁለቱ ጎማዎች መካከል የጉብታን ጫፍ ሳይነካ የሚያልፍበት የሆድ ማዕዘን ናቸው።

የሆድ ማዕዘኑን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ በ2 ነጥብ 6 ሜትር የሚራራቁና የሆዱ ክፍተት 190 ሚሊ ሜትር የሆነ መኪና፣ ማዕዘኑ 16 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ክፍተቱ በ50 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ማዕዘኑ ወደ 21 ዲግሪ ይጠጋል። የአራት ዲግሪ ተኩል ልዩነት አነስተኛ ቢመስልም በጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠርዝ ላይ በሆድ ከመቀመጥና በሰላም ከማለፍ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የጎማዎቹ ርቀት ያጠረ መኪና በተመሳሳይ ክፍተት የተሻለ ማዕዘን ያገኛል። የፊትና የኋላ ጎማዎቿ በ2 ነጥብ 25 ሜትር ብቻ የሚራራቁት ጂምኒ ከትላልቆቹ የመስክ መኪኖች ጋር በአስቸጋሪ ቦታ የምትፎካከረው በዚህና በክብደቷ ማነስ ነው። የመውጫና የመውረጃ ማዕዘንን በተመለከተ ደግሞ የፓራውልቱን ቅርጽ ማስተካከል መኪናውን ሳያነሱ ብዙ ሊያስገኝ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ከፍ የማድረጊያ ዘዴዎች

የመጀመሪያው ዘዴ ጎማን በትልቅ መተካት ነው። ከሞተሩ ወይም ከአካሉ ጋር ተያይዘው ከፍ የማይሉትን፣ ለምሳሌ የወጥ አክስልን ዲፈረንሻል፣ ከመሬት የሚያርቀው ይህ ዘዴ ብቻ ነው። ሆኖም የሚገኘው ከፍታ የዲያሜትሩ ጭማሪ ግማሽ ነው። ለምሳሌ በብዙ አነስተኛ የመስክ መኪኖች ላይ የሚገኘው 215/70 አር 16 ጎማ ዲያሜትሩ 707 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ225/75 አር 16 ቢተካ ዲያሜትሩ ወደ 744 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከመሬት የሚገኘው ተጨማሪ ክፍተት ግን 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የፍጥነት መለኪያውም በዚሁ መጠን ይሳሳታል፤ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያሳይ መኪናው በእርግጥ የሚጓዘው በ105 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል።

ትልቁ ጎማ መሪ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ወይም መኪናው ጭኖ ጉድጓድ ሲገባ ከአካሉ ጋር እንዳይፋጭ አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። ልኬቱ መኪናው ባዶውን በቆመበት ብቻ ቢወሰድ ያሳስታል።

ሁለተኛው ዘዴ ሞላውንና አሞርዛተሩን በረዥምና በጠንካራ መተካት ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ቢልም ከሁሉም የተሻለ ውጤት የሚገኝበት ነው። ሞላው ከአሞርዛተሩ ጋር ተመጣጥኖ ሲሠራ ተሽከርካሪው ሸክም ጭኖም ከፍታውን ይዞ ይቆያል። ሞላው ብቻ ተቀይሮ አሞርዛተሩ የቀድሞው ሆኖ ሲቀር ግን መኪናው በጉድጓድ ላይ ይነጥራል፤ አሞርዛተሩም ያለ ጊዜው ያልቃል።

ሦስተኛው በአሞርዛተሩ ጫፍና በአካሉ መካከል ጠንካራ የብረት፣ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ ማስገባት ነው። ርካሽና ቀላል በመሆኑ ብዙዎች የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ንጣፉ መኪናውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበትን ጠቅላላ ርቀት አይጨምርም። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከተሠራበት ልክ አልፎ ስለሚወርድ የኃይል ማስተላለፊያው መገጣጠሚያ ወይም ሲቪ ጆይንት ባልታሰበለት ማዕዘን እንዲዞር ይገደዳል። በቤት የተቀረጸ እንጨት ወይም ልኩ ያልታወቀ ብረት በዚህ ቦታ ማስገባት ደግሞ መሪና ጎማ በሚያያዙበት ክፍል ላይ መቆመር ነው።

አራተኛው አካሉን ከሻንሲው ላይ በንጣፍ ከፍ ማድረግ ሲሆን፣ የሚሠራው ሻንሲ ላላቸው ተሽከርካሪዎች ብቻ ነው። ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሻንሲው፣ ሞተሩና ዲፈረንሻሉ በነበሩበት ስለሚቆዩ ከሆድ በታች ያለውን ክፍተት እምብዛም አይጨምርም።

ሻንሲ ለሌላቸውና አራቱም ጎማቸው ለየብቻ ለሚንቀሳቀስ መኪኖች ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ያለው ከፍታ እንደ ምክንያታዊ ወሰን ይታያል። ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሞተሩንና የማንጠልጠያውን መሠረት ጭምር ማውረድ፣ መገጣጠሚያዎችንም መለወጥ ስለሚኖርበት ወጪው ሌላ መኪና ከመፈለግ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ከከፍታው ጋር የሚለወጡ ክፍሎች

መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር የጎማዎቹ አቀማመጥ ይለወጣል። ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ወደ ፊት የሚያይበት አቅጣጫም ይዛባል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ የጎማ አላይመንት ማስተካከል የግድ ነው። ማስተካከያው በፋብሪካው በተሰጠው ክልል ውስጥ የማይገባ ከሆነ ልዩ ማስተካከያ ብሎን መግጠም ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር አዲስ ጎማ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ በአንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል። መሪውም ከኩርባ ሲወጣ በራሱ ወደ መሃል የመመለስ ባሕርዩን ሊያጣ ይችላል።

የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው የጎማ ቱቦዎችና የፍሬን መቆጣጠሪያ ሽቦዎች የተሠሩት ለቀድሞው ከፍታ ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሙሉ በሙሉ በተንጠለጠለበት ሁኔታ፣ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ዳር ተጠምዝዞ፣ ቱቦው አለመወጠሩ መታየት አለበት። ይህ ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ቢሆንም ቸል ከተባለ ቱቦው በጉድጓድ ላይ ሊበጠስና መኪናው ፍሬን ሊያጣ ይችላል።

የፊት መብራት ደግሞ ከመኪናው ጋር ወደ ላይ ስለሚነሳ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ያጭበረብራል። መንገድ ጠባብ በሆነበትና እግረኛና እንስሳ በምሽት በሚጓዙበት አካባቢ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። መብራቱ በሥራው ማግስት ዝቅ ተደርጎ መስተካከል ይኖርበታል።

ከፍታና የመገልበጥ አደጋ

መኪናን ከፍ በማድረግ የሚመጣው ዋነኛ ጉዳት የክብደቱ ማዕከል ወደ ላይ መነሳቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ከ2001 ሞዴል ተሽከርካሪዎች ጀምሮ የመገልበጥ ተጋላጭነትን በይፋ ሲመዝን የሚጠቀምበት መሠረታዊ ስሌት ለማንም ግልጽ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ለክብደቱ ማዕከል ከፍታ እጥፍ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ከፍ ሲል መኪናው የተረጋጋ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ለመገልበጥ የቀረበ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ ለማየት የጎማዎቹ የጎን ርቀት 1 ሺህ 500 ሚሊ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 650 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና እንውሰድ። ቁጥሩ 1 ነጥብ 15 ይሆናል። መኪናው በ50 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢደረግ ቁጥሩ ወደ 1 ነጥብ 07 ይወርዳል።

ትኩረት የሚስበው ግን ቀጥሎ የሚታየው ነው። ይኸው መኪና ምንም ከፍ ሳይደረግ በፖርቶመጋላው ላይ 100 ኪሎ ግራም ቢጫንበትና ጭነቱ ከመሬት 1 ሺህ 800 ሚሊ ሜትር ላይ ቢሆን የክብደት ማዕከሉ በ72 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ ቁጥሩም 1 ነጥብ 04 ይደርሳል። ይህም ማለት ጣሪያ ላይ የተጫነ አንድ ኩንታል እህል የመኪናውን ሚዛን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ከማድረግ የበለጠ ይጎዳል ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከ1 በታች፣ ወደ 0 ነጥብ 97 ይወርዳል።

ቁጥሩ ከ1 በታች መውረዱ በተግባር ትርጉም አለው። ጥሩ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ አጥብቆ ይይዛል። አሽከርካሪው ድንገት መሪ ሲጠመዝዝ ዝቅ ያለ መኪና ተንሸራትቶ ሊያልፍ የሚችለውን፣ ከፍ ብሎ በጣሪያው የተጫነ መኪና ግን በጎማው መያዝ ምክንያት በጎኑ ሊወድቅበት ይችላል። ጎማው ከአስፋልት ጠርዝ ወጥቶ ለስላሳ አፈር ሲገባ ወይም ድንጋይ ሲመታ አደጋው የባሰ ይሆናል። ስለሆነም የተነሳ መኪና ያለው አሽከርካሪ ከባድ ዕቃ ከወለል ላይ፣ ቀላል ዕቃ ከላይ የማድረግ፣ በኩርባ ላይ ፍጥነት የመቀነስና የደኅንነት ቀበቶን ሁልጊዜ የመጠቀም ግዴታው ይጨምራል።

የሞተር ጉልበት፣ የፍሬንና የከፍተኛ ቦታ ጉዳይ

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪናን የሚያሻሽል ሰው በሜዳማ ሀገሮች የማይታሰብ አንድ ጉዳይ ይገጥመዋል። በከፍተኛ ቦታ አየር ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1 ሺህ ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ሞተሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ቀንሶ ይሠራል። በዚህ ላይ ዲያሜትሩ 5 በመቶ የሚበልጥና ክብደቱም የጨመረ ጎማ ሲገጠምለት፣ መኪናው ሁልጊዜ ከፍ ባለ ማርሽ እንደሚነዳ ሆኖ ይደክማል። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በማንሸራተት ለመውጣት የሚደረገው ሙከራ ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል።

ፍሬንም በዚያው ልክ ይነካል። ጎማው በተለቀ መጠን አንድ ዓይነት የፔዳል ጫና መሬት ላይ የሚያሳርፈው የማቆም ኃይል ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ከባድ ጎማና ጭነት ይዞ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ከድልድዩ ሳይደርስ ፍሬኑ ግሎ ሊዳከምበት ይችላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጎ መውረድ ለሁሉም የሚሠራ ምክር ቢሆንም ለተሻሻለ መኪና ደግሞ ግዴታ ነው።

ቀናሽ ማርሽ ያላቸው እንደ ጂምኒ ያሉ መኪኖች ጉልበታቸውን እጥፍ ያህል አድርገው ቀስ ብለው ሊሄዱ ይችላሉ። ቀናሽ ማርሽ በሌላቸውና የኋላ ጎማቸው በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ፍሪሲዮን አማካይነት በሚያዝላቸው ዘመናዊ መኪኖች ላይ ግን በአሸዋ ወይም በጭቃ ለረጅም ጊዜ መታገል ሥርዓቱን ያግለዋል። ሥርዓቱ ራሱን ለመጠበቅ የኋላውን ጎማ ሲለቀው መኪናው በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ይሆናል። ከፍታ ይህን ችግር አያስወግድም።

አፈሩና ጎማው

መኪና ከመሬት ጋር የሚገናኘው በጎማው ብቻ በመሆኑ ከማናቸውም ማሻሻያ በፊት ጎማ መታሰብ አለበት። ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ በጋራ የሚሠራው መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ ለአብዛኛው ተጠቃሚ በቂ ነው። ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ የጭቃ ጎማ በጭቃ ጥሩ ቢሠራም በእርጥብ አስፋልት ላይ የመያዝ ኃይሉ ያነሰ፣ ድምፁም ከፍተኛ ነው።

በደጋና በወይና ደጋ ሰፊ ቦታ የሸፈነው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት በጎማ ጥርሶች መካከል ተሞልቶ ጎማውን ለስላሳ ያደርገዋል። በዚህ አፈር ላይ ዋናው ችግር ጎማው የሚይዘው ማጣቱ ስለሆነ የ50 ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው እርዳታ ውሱን ነው። ሰንሰለት በጎማ ላይ ማሰር ወይም ዝናቡ አባርቶ መንገዱ እስኪጠነክር መጠበቅ የተሻለ ይሆናል።

እንደ አፋር ባሉ ቆላማ አካባቢዎች በሚገኘው አሸዋ ላይ ደግሞ ብዙ የሚረዳው ምንም ወጪ የማይጠይቀው የጎማ ንፋስ መቀነስ ነው። በመንገድ ላይ 32 ፒ ኤስ አይ ንፋስ የሚይዝ ጎማ ወደ 18 ወይም 20 ሲቀነስ ከአሸዋው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ስለሚረዝም ከመስመጥ ይድናል። በዚህ ሁኔታ በፍጥነት መንዳትና በድንገት መታጠፍ ጎማውን ከቸርኬው ሊያወጣው ስለሚችል ክልክል ነው። ወደ ጠንካራ መንገድ ሲወጣም ንፋሱ ወዲያውኑ መመለስ ስላለበት በእጅ ወይም በባትሪ የሚሠራ ማናፈሻ መያዝ ይገባል።

የሆድ መከላከያና የማውጫ መሣሪያዎች

ለሞተሩ ዘይት መያዣ፣ ለካምቢዮና ለነዳጅ ሰልባትዮ የሚገጠም የብረት ወይም የአሉሚኒየም መከላከያ በድንጋያማ መንገድ ከከፍታው ያልተናነሰ ጥቅም ይሰጣል። መከላከያው የሞተር ዘይት ለመቀየር የሚያስችልና ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ሊሆን ይገባል። ጭቃና ደረቅ ሣር በውስጡ እንዳይጠራቀም በየጊዜው መጽዳት አለበት። በጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ የተጠራቀመ ደረቅ ሣር እሳት ሊያስነሳ ይችላልና።

ከጭቃ ለመውጣት የሚያገለግል የመጎተቻ መንጠቆ ከሻንሲው ወይም ከአካሉ ጠንካራ ክፍል ጋር በተገቢው ብሎን መታሰር አለበት። ለተጎታች ማያያዣ የሚሆነውን የብረት ኳስ ለዚህ ሥራ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ገመዱ ተወጥሮ ኳሱ ቢሰበር እንደ ጥይት ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ጉተታ ሲካሄድ መርዳት የማይጠበቅባቸው ሰዎች ሁሉ፣ በተለይም ለማየት የሚሰበሰቡ ሕፃናት፣ ከገመዱ ርዝመት በላይ እንዲርቁ መደረግ ይኖርበታል።

የተጨማሪ መሣሪያዎች ክብደት በየራሱ አነስተኛ ቢመስልም ሲደመር ብዙ ነው። የፊት ብረት፣ የመጎተቻ ሞተር፣ የጣሪያ ጭነት፣ ተጨማሪ ነዳጅና ውኃ የአነስተኛ መኪናን የመሸከም አቅም በቀላሉ ያሟጥጣሉ። መኪናው የሚሸከመው ጠቅላላ ክብደት በፋብሪካው የተወሰነ ሲሆን ጠንካራ ሞላ መግጠም ይህን ወሰን አይለውጠውም።

ወንዝ መሻገር

ብዙዎች መኪናቸውን ከፍ የሚያደርጉት ወንዝ ለመሻገር ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ግን ሕይወት ያስከፍላል። ሞተሩ አየር የሚስብበት ቦታ ውኃ ካገኘ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የሞተሩ ፒስተንና ዘንግ ሊታጠፉ ይችላሉ። ሞተሩ በውኃ ውስጥ ከጠፋ እንደገና ለማስነሳት መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል። በተጨማሪም የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባበት በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ስለዚህ የመተንፈሻ ቱቦውን አስረዝሞ ወደ ላይ ማውጣት ርካሽና ጠቃሚ ማሻሻያ ሲሆን፣ ከጥልቅ ውኃ መሻገር በኋላም ዘይቱ ነጥቶ እንደሆነ መታየት አለበት።

ከአየር መሳቢያው በላይ የሚያሰጋው ግን የውኃው ግፊት ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ የመስክ መኪናን ጨምሮ አብዛኞቹን ተሽከርካሪዎች አንሳፍፎ ሊወስድ እንደሚችል የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት ያስጠነቅቃል። በ60 ሴንቲ ሜትር ፊት የ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

በሀገራችን ቆላማ አካባቢዎች ደረቅ ሆኖ የሚታየው ወንዝ በተራራው በጣለ ዝናብ ድንገት ሊሞላ መቻሉ የታወቀ ነው። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ማብቂያ በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ ይታወሳል። በደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ማደር፣ ደፍርሶ የሚወርድን ውኃ በግምት መሻገር ወይም የአካባቢውን ነዋሪ ሳይጠይቁ መግባት በየትኛውም ማሻሻያ የማይካካስ ድፍረት ነው።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ጉዳይ

በሀገራችን ቁጥራቸው እየበዛ የመጣው የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው በአብዛኛው ከወለል በታች የተዘረጋ ነው። ይህም የክብደት ማዕከላቸውን ዝቅ ስለሚያደርግ ለመገልበጥ ያላቸውን ተጋላጭነት ይቀንሳል። በሌላ በኩል ግን ከሁሉም ውድ የሆነው ክፍል ለድንጋይ ቅርብ ሆኗል ማለት ነው። የባትሪው መያዣ በድንጋይ ከተመታ ከውጭ ጉዳቱ አነስተኛ ቢመስልም በሠለጠነ ባለሙያ ሳይታይ መንዳትና ኃይል መሙላት አይመከርም። ክብደታቸው ከፍተኛ በመሆኑም ለእነሱ ያልተሠራ ሞላ ወይም ንጣፍ መግጠም አይገባም፤ ትልቅና ከባድ ጎማ ደግሞ በአንድ ሙሌት የሚጓዙትን ርቀት ያሳጥራል።

የሥራው ቅደም ተከተል

መኪናውን ለማሻሻል የወሰነ ባለቤት ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያከናውን ወጪም ይቆጥባል፣ ከአደጋም ይጠበቃል።

በመጀመሪያ ያለውን መጠገን ነው። ያለቀ አሞርዛተር፣ የላላ የመሪ መገጣጠሚያ፣ ድምፅ የሚያሰማ ኩሽኔታ ወይም የደከመ ሞላ ባለበት መኪና ላይ የሚደረግ ማሻሻያ በበሰበሰ ምሰሶ ላይ እንደሚሠራ ቤት ነው። ብዙ ጊዜ የወረደው ሞላ በአዲስ ሲተካ ብቻ መኪናው ወደ ቀድሞ ከፍታው ተመልሶ ችግሩ ሲቃለል ይታያል።

ሁለተኛ ተስማሚ ጎማ፣ ሦስተኛ የሆድ መከላከያና አስተማማኝ መጎተቻ ይከተላሉ። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው አሁንም በሆዱ የሚነካ ከሆነ፣ በሞላና በአሞርዛተር ለውጥ የሚገኝ መጠነኛ ከፍታ ይታሰባል። ሥራው እንዳለቀ የጎማ አላይመንት፣ የፍሬን ቱቦዎችና የፊት መብራት ይስተካከላሉ። መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከተጓዘ በኋላም የተነኩት ብሎኖች ሁሉ እንደገና መጥበቅ ይኖርባቸዋል።

ሥራው በትክክል አለመከናወኑን የሚጠቁሙ ምልክቶችም አሉ። መሪ ተጠምዝዞ ሲነዳ ከፊት ጎማ በኩል የሚሰማ የመቋቋት ድምፅ፣ የተቀደደ የመገጣጠሚያ ሽፋንና የሚረጭ ግራሶ፣ በአንድ ወገን የሚበላ ጎማ፣ በቀጥታ መንገድ ወደ ጎን የሚስብ መሪ፣ እንዲሁም በፍጥነት ጊዜ የሚጀምር ንዝረት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጉዞውን መቀጠል ሳይሆን ወደ ጋራዥ መመለስ ይገባል።

በሀገራችን ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አድርገው ቦሎ የሚወስዱ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያሰበው ለውጥ በምርመራው ተቀባይነት ያለው መሆኑን ከሚመለከተው አካል መጠየቅ ይኖርበታል። ለመድን ድርጅቱም ማሳወቅ በአደጋ ጊዜ ከሚነሳ ውዝግብ ያድናል። እንደ ጀርመን ባሉ ሀገሮች እንዲህ ያለው ለውጥ በተፈቀደለት የቴክኒክ መርማሪ ታይቶ ካልጸደቀ መኪናው በመንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቀድም።

በጥቅሉ ሲታይ መጠነኛ ከፍታ፣ ተስማሚ ጎማና ጥሩ የሆድ መከላከያ ለአነስተኛ የመስክ መኪና ከዚህ በፊት ያልደፈረውን መንገድ ይከፍቱለታል። ከ50 ሚሊ ሜትር ያለፈውን ፍለጋ ግን ጥቅሙ እየቀነሰ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። በአስቸጋሪ መንገድ የሚያልፍ መኪና ዋና ዓላማው ሰው ይዞ ሄዶ ሰው ይዞ መመለስ በመሆኑ፣ ማንኛውም ማሻሻያ የሚመዘነው ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ቤተሰብ አሳፍሮ፣ በአስፋልት ኩርባና በረጅም ቁልቁለት ላይ በሚኖረው አስተማማኝነት ጭምር ነው።